የሱቅ ታፔላ ፈቃድ፦ ቀብድ ከመክፈል በፊት መዘጋጀት ስላለበት ነገር የተደረገ ውይይት

መክፈቻ። ይህ በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የተከፈተ ክር፣ ማለት አንድ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች፣ ማጠቃለያ ነው። ጠያቂዋ ፒያሳ፣ አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ዋና መንገድ ዳር ካለ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤቱን ተከራይታ የመነፅር ሱቅ ልትከፍት ነው። የደጃፉ ስፋት 4.20 ሜትር ነው። ከበሩ በላይ የቀድሞው ተከራይ ትቶት የሄደው ላይት ቦክስ (ከውስጥ የሚበራ የታፔላ ሣጥን) እስካሁን አልወረደም። የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ከበሩ በላይ መብራት ያለው ታፔላ፣ ከሕንፃው ጥግ ላይ ደግሞ ወደ መንገዱ የወጣ ትንሽ ባለ ሁለት ፊት ምልክት። ታፔላ ሠሪው ግማሹን ቀብድ ከፍላ ሥራው እንዲጀመር፣ ፈቃዱም ከተሰቀለ በኋላ ሊወጣ እንደሚችል ነግሯታል። አከራዩ ውጭ አገር ነው፤ እዚህ ያለው ወኪሉ ነው። ወደ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ መስኮት ከመሄዷ በፊት እጇ ላይ ምን ምን መኖር እንዳለበት፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚዘጋጅ ጠየቀች።

ጥያቄው ልኬትና ሁኔታ ይዞ ስለመጣ ምላሹም ፍሬ ነበረው። ከዚህ በታች በቁጥሩ ቅደም ተከተል ያሰፈርኩት ዋና ዋናውን ነው፤ የምስጋናና የሰላምታ ምላሾችን አልፌያቸዋለሁ።

ምላሽ 1። ለሥራው መልካም ምኞቱን ገልጾ በቀጥታ ወደ ቀብዱ ገባ፤ ፈቃዱ ሳይወጣ እንዳትከፍል መከራት። መጠኑም፣ ቀለሙም፣ የሚሰቀልበት ቦታም ባለሙያው መጥቶ ካየው በኋላ ሊቀየር ይችላል። አንዴ የተቆረጠ አሉኮቦንድ (የታፔላ መደብ የሚሠራበት በአሉሚኒየም የተለበጠ ሰሌዳ) አይቀጠልም፣ የታጠፈ ፊደልም አያጥርም። መጀመሪያ የአከራዩ የጽሑፍ ስምምነት፣ ቀጥሎ የግድግዳው ልኬትና ፎቶ፣ ከዚያ ረቂቅ ዲዛይን፣ ማመልከቻ፣ የቦታ ምልከታ፣ ክፍያ፣ ፈቃድ። ብረት የሚቆረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ክሩ በኋላ ብዙ ቢጨቃጨቅም ይህን ቅደም ተከተል የተቃወመ አንድም ሰው አልመጣም።

ምላሽ 2። ይህ ሰው ሰነዶቹን ዘረዘረ፦ የዘመኑ የንግድ ፈቃድ፣ የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ጊዜው ያላለፈ የኪራይ ውል፣ የቤቱ ካርታ ኮፒ፣ የባለቤቱ የስምምነት ደብዳቤ፣ የአመልካቿ መታወቂያ (ፋይዳ ካላት እሱን)፣ ዲዛይንና ፎቶ። ዋናውን ለማመሳከሪያ ይዞ መሄድ፣ ኮፒውን ግን በሁለት ስብስብ ማዘጋጀት ይሻላል አለ። አንዱ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎበት ለአመልካቿ ይመለሳል። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ቢጠፋ መከታተያ የለውም። ፈቃድ ለሚያሳድሱ ነጋዴዎችም አንድ ነገር አከለ። ያለ ቅጣት የማሳደሻው ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ ብዙ ሰው በመስከረምና በጥቅምት ያልታደሰ ፈቃድ ይዞ ወደ ታፔላ ጉዳይ ይሄዳል። ቅጣት የሌለበት ጊዜ ገና አላለፈም ማለት ፈቃዱ ታድሷል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማሳደስ ነው።

በዚሁ ምላሽ ውስጥ ከሁሉ የረዘመው ስለ ውክልናው የተጻፈው ነው፤ ተገቢም ነበር። ወኪሉ የያዘው ውክልና ኪራይ ለመሰብሰብና ውል ለመዋዋል ብቻ ከሆነ፣ በሕንፃው ፊት ላይ ማስታወቂያ እንዲሰቀል የመፍቀድ ሥልጣን አለው ወይ የሚል ጥያቄ መስኮቱ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ጠያቂዋ የውክልናውን ጽሑፍ ራሷ እንድታነበው መከራት። ሥልጣኑ በግልጽ ካልተጻፈ አዲስ ውክልና ያስፈልጋል። ውጭ አገር የተሰጠ ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ያልፋል፤ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ከሁሉም ሰነድ የሚዘገየው ይህ ስለሆነ ዲዛይኑ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ በመጀመሪያው ቀን መጀመር አለበት።

ምላሽ 3። እዚህ ድምፁ ተለወጠ። ሰውየው ይህ ሁሉ ወረቀት ሰውን ማስፈራሪያ እንደሆነ፣ ወረዳ ላይ በንግድ ፈቃድና በአንድ ፎቶ ብቻ ያለቀላቸው ሱቆች እንዳሉ በቁጣ ጻፈ።

ምላሽ 4። ለ3 የተሰጠ እርማት ነው፤ በትሕትና። መንደር ውስጥ ባለ ሱቅ በር ላይ የተለጠፈ፣ መብራት የሌለው፣ ትንሽ ሰሌዳና ዋና መንገድ ላይ የሚሰቀል ባለ መብራት ታፔላ በአንድ ዓይን አይታዩም። ጠያቂዋ ያለችው ዋና መንገድ ዳር ነው፣ መብራትም ትፈልጋለች፣ ወደ መንገድ የወጣ ምልክትም ጨምራለች። ስለዚህ አንድ ገጽ ኮፒ ከማድረጓ በፊት የመንገዱን ስምና የታፔላውን ዓይነት ይዛ፣ ጉዳዩ የሚያልቀው ወረዳ ላይ ይሁን ወይስ ክፍለ ከተማ፣ የትኛው ክፍል እንደሚያየው ጠይቃ ስሙን በጽሑፍ እንድትይዝ መከራት። በተሳሳተ ክፍል ስም የተጻፈ ማመልከቻ እንደገና ይጻፋል።

ምላሽ 5። ስለ ስም። ታፔላው ላይ የሚወጣው ስም ንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው የንግድ ስም ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። ፈቃዱ ላይ በ«ኃ» የተጻፈ ስም ዲዛይኑ ላይ በ«ሀ» ከመጣ፣ ወይም ድርጅቱ ኃ.የተ.የግ.ማ. ሆኖ ታፔላው ላይ ከተዘለለ፣ ፋይሉ ለማስተካከያ ይመለሳል። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ 980/2008 መሠረት የንግድ ስም የሚመዘገብ ነገር ስለሆነ፣ ለገበያ የሚያምር ሌላ ስም የፈለገ ሰው መጀመሪያ ምዝገባው ላይ ያስለውጥ። ዲዛይነሩም ስሙን በስልክ ሰምቶ ሳይሆን ከፈቃዱ ፎቶ ላይ ይገልብጥ።

ምላሽ 6። ስለ ቋንቋ አጭርና ጥሩ ነጥብ አነሳ። የማስታወቂያ አዋጁ 759/2004 ነው፤ አማርኛና የውጭ ቋንቋ አብረው ሲወጡ የአገር ውስጡ ቋንቋ ይቀድማል። አማርኛውን ከላይ፣ እንግሊዝኛውን ከታች፣ ያውም በማይበልጥ መጠን። ማስረጃ የማይቀርብበት የብቸኝነትና የአንደኝነት አባባል ደግሞ ሕጉ ከሚከለክለው አሳሳች ማስታወቂያ ጋር ይያያዛል፤ ከዲዛይኑ ላይ ይውጣ።

ከዚያ ስለ ፊደል መጠን አንድ ነገር ጨመረ፤ እኔ እንደማየው ከፈቃዱ ባልተናነሰ ሱቁን የሚጠቅማት ይህ ነው። ለእያንዳንዱ 3 ሜትር የንባብ ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ይመደባል። ከ30 ሜትር ርቀት ለሚያይ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል ግን ካዕብን ከሣልስ፣ ሣልስን ከኃምስ የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ነው። መብራት ከኋላው ሲበራ ያ ቅጥያ ይዋጣል። ስለዚህ ከስሌቱ አንድ ሦስተኛ መጨመር፣ ቀጭን የፊደል ዓይነትን ደግሞ መተው።

ምላሽ 7። የክሩ እምብርት ይህ ነው። ጻፊው በሥዕል ሥራ የተካነ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ዲዛይን ሲባል ብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ባለ ቀለም ምስል ይዞ ይሄዳል፤ እሱ ግን ሥዕል ነው፣ ልኬት የለውም። በኤ3 ወረቀት ላይ አራት ነገር ሊኖር እንደሚገባ አስረዳ።

አንደኛው የሕንፃው የፊት ገጽታ በ1፡50፣ ማለት 50 ሴንቲ ሜትሩ ወረቀት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ሆኖ። በሩ፣ መስኮቱ፣ የላይኛው ፎቅ በረንዳ፣ የግራና የቀኝ ጎረቤት ሱቆች ቢያንስ አንዳንድ ሜትር ያህል ይታዩ። ታፔላው ከጎረቤት ታፔላ ጋር በአንድ መስመር መሆኑና የጎረቤትን ደጃፍ አለመንካቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሁለተኛው ቁርጥ (ግድግዳውና ታፔላው ተቆርጠው ከጎን ሲታዩ)፣ በ1፡20፤ ታፔላው ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ከእግረኛው መንገድ ወለል እስከ ታፔላው የታችኛው ጠርዝ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ። ሦስተኛው የማሰሪያው ዝርዝር፤ የብረቱ ልክ፣ የብሎኑ ውፍረትና ጥልቀት፣ የግድግዳው ዓይነት። አራተኛው ፎቶ፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው ታፔላው ተደርጎበት፣ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ቀጥ ተብሎ የተነሳ። በግርጌው ሠንጠረዥ ውስጥ የአመልካቿ ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ የጠቅላላ ስፋት፣ የቁሳቁስ ዓይነት፣ መብራት አለ የለም።

ሥዕልን የሚያስመልሱ ስህተቶችንም አስቀመጠ፦ ከወለል እስከ ታችኛው ጠርዝ ያለው ልክ መዘንጋት፣ አንዱ ገጽ ላይ በሴንቲ ሜትር ሌላው ላይ በሜትር መጻፍ፣ ማመልከቻው ላይ 3.6 በ0.7 ብሎ ሥዕሉ ላይ 3.8 ማሳየት። የሕንፃው ግድግዳ ራሱ ሳይለካ ከፎቶ ተገምቶ የተሠራ ሥዕል ደግሞ ባለሙያው በሜትር ሲለካው ወዲያው ይጋለጣል።

ምላሽ 8 እና 9። በ8 አንዱ ስፋቱ እንዴት እንደሚሰላ ጠየቀ፤ ፊደሎቹ ለየብቻ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ይቆጠራል ወይ ነው ጥያቄው። በ9 የተሰጠው ምላሽ፣ ፊደሎቹን ሁሉ የሚያቅፍ አራት ማዕዘን ተስሎ እሱ ይለካል የሚል ነው። 3.6 በ0.7 የሆነ አሉኮቦንድ 2.52 ካሬ ሜትር ነው። ያው ስም በ3.1 ሜትር ርዝመትና በ0.45 ቁመት፣ ሰሌዳ ሳይኖረው፣ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ግን 1.4 ካሬ ገደማ ይሆናል። ክፍያው በካሬ ሜትር በሚታሰብበት ጊዜ ልዩነቱ በየዓመቱ ይመለሳል። ባለ ሁለት ፊት የሆነው ምልክት ሁለቱም ፊቱ ይቆጠር፤ 60 በ60 ከሆነ 0.36 ሁለት ጊዜ፣ 0.72።

ምላሽ 10። ስለ ግድግዳ። መካከለኛ ልክ ያለው ታፔላ ክብደቱ ስንት እንደሆነ ደምሮ አሳየ። 40 በ40 የሆነ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) በሜትር 2.3 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ለ3.6 በ0.7 ፍሬም ዙሪያውና ሦስቱ መካከለኛ ቋሚዎች 10.7 ሜትር ናቸው፤ ወደ 25 ኪሎ። 4 ሚሊ አሉኮቦንድ በካሬ 5.5 ኪሎ ነው፤ 14 ኪሎ ያህል። ፊደሉ፣ መብራቱና ፓወር ሰፕላዩ (ለመብራቱ የሚሆነውን ቮልት የሚያወጣው ዕቃ) ሲጨመር 50 ኪሎ ይደርሳል። ይህ ክብደት ብሎኬት ላይ በፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎኑን በሚይዝ ፕላስቲክ) ሲታሰር የሚሆነውን በደንብ ገለጸው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ፊሸሩ የሚይዘው 3 ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ግድግዳና ልስን ብቻ ነው፤ ሲጠብቅ የያዘ ይመስላል፣ ከጊዜ በኋላ ግን ዙሪያው ይፈረፈራል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ከበሩ በላይ ያለውን የኮንክሪት ቢም ፈልጎ እሱ ላይ በ10 ሚሊ ኤክስፓንሽን ቦልት (ቀዳዳው ውስጥ እየሰፋ በሚይዝ ብሎን) ማሰር፣ ወይ ብሎኬቱን በስቶ ከውስጥ በኩል 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ፕሌት አድርጎ በረጅም ብሎን ማጥበቅ። ቢሙ የት እንዳለ የማይታወቅ ከሆነ ልስኑን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት በድምፁ ይለያል፤ እርግጠኛ ለመሆን በቀጭን ድሪል መሞከር። የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ድንጋዩን እንጂ መገጣጠሚያውን መብሳት አይገባም፣ መገጣጠሚያው ጭቃ ወይም ኖራ ሊሆን ይችላልና።

በዚያው ላይት ቦክስ የሚያሠሩ ሰዎች ከታች በኩል 8 ሚሊ የሆነ የውኃ መውጫ ቀዳዳ በየሜትሩ እንዲያስበሱ አሳሰበ። ክረምት የገባ ውኃ መውጫ ካጣ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፣ መብራቱንም ያቃጥላል። ብረቱ ከመታሸጉ በፊት አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) የተቀባ መሆኑም ይታይ።

ምላሽ 11። በአጭሩ ተቃወመ፤ አዲስ አበባ ነፋሻ ከተማ ስላልሆነች ይህ ሁሉ ብረት ብክነት ነው ባይ ነው።

ምላሽ 12። ለ11 የተሰጠው ምላሽ ጠንከር ያለ ነበር፤ እኔም ከጻፊው ጋር ነኝ። የቀድሞው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ፣ ኢቢሲኤስ 1፣ ለነፋስ መነሻ ፍጥነት ይወስድ የነበረው በሰከንድ 22 ሜትር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ መጠነ ቁሱ በሜትር ኩብ 0.94 ኪሎ ይወሰዳል። ይህ ቁጥር በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል በካሬ ሜትር 227 ኒውተን ይመጣል። ለ2.52 ካሬ ታፔላ 572 ኒውተን፣ ማለት 58 ኪሎ የሚሆን ግፊት ነው። ይህም የቅርጽና የግንብ ጠርዝ ማባዣዎች ሳይገቡበት። በልግና ክረምት መግቢያ ላይ ከዝናብ በፊት የሚነሳውን ድንገተኛ ነፋስ የሚያውቅ ሰው ነፋስ የለም አይልም፤ ከታፔላው ሥር የሚሄደው ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ግምት የሚሸከምበት ምክንያት የለም። 11 በዚህ ላይ አልመለሰም።

ምላሽ 13። ስለ ኤሌክትሪክ። 80 ኤልኢዲ ሞጁል እያንዳንዱ 1.2 ዋት ከሆነ 96 ዋት ነው፤ ፓወር ሰፕላዩን ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ አለማስጨነቅ ነውና 120 ዋት የሆነው ዝቅተኛው፣ 150 ዋቱ የተሻለው ነው። በ12 ቮልት 96 ዋት 8 አምፔር ይስባል። ፓወር ሰፕላዩን ሱቅ ውስጥ አስቀምጦ በ1.5 ካሬ ሽቦ 10 ሜትር ወደ ታፔላው መሳብ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሄዶ መመለሻው 20 ሜትር ስለሚሆን መንገድ ላይ ወደ 2 ቮልት ይጠፋል፣ የመጨረሻዎቹ ፊደሎች ደብዝዘው ይበራሉ። 220ውን ቮልት እስከ ታፔላው ወስዶ ፓወር ሰፕላዩን ዝናብ በማይነካው ቦታ እዚያው ማድረግ፣ ሞጁሎቹንም ከ20 በማይበልጥ ሰንሰለት ከፋፍሎ ማገናኘት። የራሱ ብሬከር፣ ከፍሬሙ ጋር የተያያዘ አርዝ፣ በሰዓት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ። ማመልከቻው ላይ መብራቱ ከየትኛው ቆጣሪ እንደሚወስድ ይጻፍ፤ ሕንፃው የጋራ ቆጣሪ ካለው ፎቅ ላይ ካሉት ተከራዮች ጋር የሚነሳውን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ምላሽ 14። የኮሪደር ልማቱን አነሳ። በ2016 የተጀመረው ሥራ ካለፈባቸው መንገዶች አንዱ የፒያሳና የአራት ኪሎ መስመር ነው። በእነዚህ መንገዶች ላይ የሕንፃ ፊት ቀለም፣ የሌሊት መብራትና የታፔላ ወጥነት ትኩረት ተሰጥቶታል። ስለዚህ ጠያቂዋ ቀለም ከመምረጧ በፊት ለመንገዱ የተቀመጠ ቀለምና የታፔላ መስመር እንዳለ ትጠይቅ። እግረኛ መንገዱ ላይ የሚቆም ሰሌዳ ጭራሽ አታስብ። አዲሱ ንጣፍ ሥር ደግሞ ገመዶች ስለተቀበሩ ለማንኛውም ዓይነት ምሰሶ መቆፈር አይታሰብም።

ምላሽ 15፣ 16 እና 17። ክሩ እዚህ ከመስመር ወጣ። 15 በመንገድ ሥራ ምክንያት ስለወረዱ ታፔላዎች ወጪውን ማን መሸፈን እንደነበረበት በምሬት ጻፈ። 16 ደግሞ ከተማዋ አሁን የምታየው ሥርዓት ያለ ወጪ አይመጣም ብሎ በቃላት ወረደበት። የመድረኩ አስተናጋጅ በ17 ሁለቱንም አመስግኖ ጉዳዩ የራሱ ክር ይከፈትለት ብሎ ወደ ጥያቄው መለሳቸው።

ምላሽ 18። እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ፦ ሕንፃው ስንት ዕድሜ አለው? ፒያሳ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ በቅርስነት የተመዘገቡ ቤቶች አሉ። ሕንፃው ከመዝገቡ ውስጥ ካለ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 ምክንያት የቅርስ አካሉ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከዚያ ሳይጠየቅ በድሪል መብሳት ከታፔላ ቅጣት የከፋ ነገር ያመጣል። መጠየቂያው የከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ነው። የቀበሌ ቤት ወይም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ቤት የተከራዩ ሰዎችም ባለቤታቸው መንግሥት መሆኑን እንዳይረሱ፣ የስምምነት ደብዳቤውም ከዚያው እንዲመጣ አስታወሰ።

ምላሽ 19። ጠያቂዋ ተመለሰች። ሁሉንም አመስግና፣ ሕንፃው የግል እንደሆነ፣ ምድር ቤቱ በድንጋይ ላይኛው ፎቅ የእንጨት በረንዳ ያለው እንደሆነ፣ በመዝገቡ ውስጥ እንዳለ ግን ገና እንደምታጣራ ገለጸች። የወኪሉ ውክልና ኪራይ ብቻ እንደሚል አንብባ አረጋግጣለች፤ አከራዩ አዲስ ለመላክ ተስማምቷል። ከጥጉ የሚወጣውን ባለ ሁለት ፊት ምልክት ግን እንደምትፈልገው ጠበቅ አድርጋ ጻፈች።

ምላሽ 20። እህቴ ብሎ ጀምሮ ምልክቱን እንድትተወው በስሌት ለመናት። 60 በ60 የሆነ፣ ከግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚጀምር ምልክት መሐሉ ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። የምላሽ 12ን ግፊት ለቅርጽ ማባዣ በሁለት አባዝቶ፣ ለ0.36 ካሬ 164 ኒውተን አገኘ፤ ግማሽ ሜትር ላይ ሲያርፍ 82 ኒውተን ሜትር ጠምዛዥ ጉልበት ነው። ብሎኖቹ 8 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ከታሰሩ በአንዱ ወገን ያሉት ከ100 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ይሳባሉ፤ 20 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ ወደ 42 ኪሎ ይወርዳል። ነፋሱ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር ስበቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይቀያየራል፤ አሮጌ የድንጋይ ግንብ መገጣጠሚያውን የሚለቀው በዚህ መንቀጥቀጥ ነው። የግድ ከሆነ ሰፊ ፕሌት፣ ከወለል ቢያንስ 2.5 ሜትር ክፍት ቦታ፣ ራሱን የቻለ ሥዕል። ጥሩ ምክርም ጨመረ፤ ሁለቱን በአንድ ማመልከቻ ውስጥ እንደ ክፍል ሀ እና ክፍል ለ ለይታ ብታቀርብ፣ አንዱ ቢከለከል ሌላው አብሮት አይወድቅም።

ምላሽ 21። ርዕሱን ትንሽ ሳተ፣ ግን ደስ የሚል ነበር። በላሜራ ላይ በዘይት ቀለም በእጅ ይጻፉ ስለነበሩ የፒያሳና የመርካቶ ታፔላዎች፣ ፊደል ጣዮቹ በቀጭን ብሩሽ የወፍራሙን ጥላ እንዴት እንደሚያወጡት ጻፈ። ለእንዲህ ያለው አሮጌ ሕንፃ ከአሉኮቦንድ ይልቅ እጅ የጻፈው ይስማማል፤ ከላይ በትንሽ መብራት ቢበራ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው። ፈቃዱ ግን ለእሱም ያው እንደሚጠየቅ አልሸሸገም።

ምላሽ 22። ስለ ማመልከቻው ደብዳቤ። አንድ ገጽ ይሁን። ከላይ ቀን፣ ቀጥሎ የክፍሉ ሙሉ ስም፣ ከዚያ የጉዳዩ መስመር፤ እዚያው ላይ የታፔላው ዓይነትና ካሬው ይግባ። የመጀመሪያው አንቀጽ ማን፣ የት፣ በምን የንግድ ፈቃድ ቁጥር። ሁለተኛው ርዝመት፣ ቁመት፣ ከግድግዳ የሚወጣበት ልክ፣ ከወለል ያለው ከፍታ፣ ቁሳቁስ፣ መብራት። ሦስተኛው የአባሪዎች ዝርዝር በተራ ቁጥርና በገጽ ብዛት፤ አንድ ወረቀት ፋይል ውስጥ ቢጠፋ ገብቶ እንደነበረ የሚያስረዳው ይህ ነው። የልመናና የኑሮ ታሪክ አይግባ። ስም፣ ፊርማ፣ ማህተም፣ የሚነሳ ስልክ።

ምላሽ 23። አንድ ታፔላ ሠሪ ሙያውን ተከላከለ፤ እስካሁን በተጻፈው ቅር መሰኘቱ ያስታውቃል። ቀብድ የሚጠየቀው የአሉኮቦንድና የአክሪሊክ ዋጋ ሳይታሰብ ስለሚጨምር ነው፣ ደንበኛም ዲዛይን አሠርቶ ሌላ ቦታ ስለሚያሠራ። ከዚያ ግን ለሁለቱም ወገን የሚሆን ሐሳብ አመጣ። ውሉ በሁለት ይከፈል። ለልኬትና ለዲዛይን ተለይቶ ይከፈል፤ የምርቱ ቀብድ ፈቃዱ በወጣ ቀን። ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ በቦታ ምልከታ ምክንያት ለሚመጣ ማስተካከያ ዲዛይኑ አንድ ጊዜ በነፃ ይታረም። የምላሽ 1 ጻፊ ወዲያውኑ ተመልሶ ይህን ደገፈ፣ ጠንከር ባለ አነጋገሩም ይቅርታ ጠየቀ።

ምላሽ 24። ሁሉም የዘነጋውን አሮጌውን ላይት ቦክስ አነሳ። ባለሙያው ለምልከታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የቀድሞው ተከራይ ፈቃድ ነበረው ወይ፣ ውዝፍ ክፍያ አለበት ወይ የሚለው በዚያው አድራሻ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ አከራዩ ወይም ወኪሉ ላይት ቦክሱ የቀድሞው ተከራይ እንደሆነ ጽፎ ቢሰጣት፣ እሷም ከምልከታው በፊት ብታስወርደው፣ ቀዳዳዎቹንም ብታስደፍን ይሻላል። ሽቦው ከቆጣሪው ወገን መቋረጡን ኤሌክትሪሺያን ይይ፤ ታፔላ ሲወርድ ጫፉ ተንጠልጥሎ የሚቀር ቀጥታ መስመር አለ።

ምላሽ 25። ከፈቃዱ በኋላ ስላለው። ኮፒው ሱቅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የሚጠይቀው እዚያው ነው። ጽሑፍ፣ ቀለም ወይም መጠን ከተለወጠ አዲስ ማመልከቻ ነው፤ በፈቃዱ ላይ የሌለ የመነፅር ምርት ዓርማ በኋላ መለጠፍ የሱቅ መለያውን ወደ ምርት ማስታወቂያ ይወስደዋል። እድሳቱን ከንግድ ፈቃዱ እድሳት ጋር በአንድ ቀን መቁጠሪያ መያዝ።

ምላሽ 26። ጠያቂዋ ባለ ሁለት ፊቱን ለጊዜው እንደተወችው፣ ቀብዱንም እንዳልከፈለች ጽፋ የመጀመሪያውን ረቂቅ ሥዕል አያያዘች፤ 3.1 በ0.45 የሆኑ ፊደሎች ያለ አሉኮቦንድ በቀጥታ ከበሩ በላይ።

ምላሽ 27። የምላሽ 7 ጻፊ ሥዕሉን በሰዓታት ውስጥ አይቶ ሦስት ነገር መለሰ። ከወለል እስከ ታችኛው ጠርዝ ያለው ልክ የለም። የላይኛው በረንዳ ጠርዝ በ1፡50 አልተሳለም፤ ፊደሎቹ ከሱ ሥር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚቀራቸው አይታወቅም። የቤት ቁጥሩም በሠንጠረዡ ውስጥ ከኪራይ ውሉ ቁጥር በአንድ አኃዝ ይለያል፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ከካርታው ታረጋግጥና ሌላውን ታስተካክል።